መብራት ጠፍቶም የማይነሱት ጓደኛሞች

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ካርቱን ከልብ አስቆኛል። አራት ጓደኛሞች ሶፋ ላይ ተደርድረዋል፤ መብራት ጠፍቷል፤ እነሱ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንዳፈጠጡ ናቸው። አንደኛው ጭራሽ «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» ይላል። እኔን የገደለኝ ግን ሪሞቱ ነው፤ ባትሪው እንዳይወድቅ በፕላስተር ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፏል። የኔ ቤቱ ቁርጥ እሱን ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ገመድ አልባ የቴሌቪዥን ሪሞት በብርሃን ጨረር ስለሚሠራ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ቴሌቪዥኑ በገዛ እጁ ጣቢያ ይቀይር ነበር። ሠዓሊው ይህን ቢሰማ ጓደኛሞቹን ከፀሐይ ጋር ያጣላቸው ነበር።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ከአራቱ አንዱም እንኳ ስልክ አልያዘም። ማን ያምናል?

የዘወትር አንባቢያችሁ