ቀበቶ ለጥቂት ያመለጣቸው ቡጢኞች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን የእግር ጉዞ እንዳያቋርጡ አደራ።

በስልክ የተከራከርነው ነገር አላስቀመጠኝም። «የዓለም ሻምፒዮን ቀበቶ ያልታጠቀ ቡጢኛ የጎደለው ነገር ስላለ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ጎድሏቸዋል፣ አልክድም። ነገር ግን ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖቹ ከመሐመድ አሊ፣ ከጆ ፍሬዘርና ከጆርጅ ፎርማን ጥላ ሥር የቀሩት ሰዎች የጎደላቸው ነገር እርስዎ እንደሚሉት ትልቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በጣት የሚጠቆም፣ በአንድ ዙር ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ለዚህ ነው ግጥሚያዎቹን በፍላሽ ጭኜ የላክሁልዎት። የትኛውን ዙር፣ ምን ላይ አተኩረው እንደሚያዩ እዚህ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እርስዎ «ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው ፈሪ» በሚሉት በጂሚ ያንግ ልጀምር። ሚያዝያ 30 ቀን 1976 ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር ላይ ከአሊ ጋር 15 ዙር ተጋጠመ። አሊ 230 ፓውንድ፣ ማለትም 104 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነው የወጣው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ከብዶ ተጋጥሞ አያውቅም። ሲያዩት መጀመሪያ ድምፁን ያጥፉት። አስተያየት ሰጪዎቹ አሊ፣ አሊ ባሉ ቁጥር ዓይን ወደ አሊ ይሄዳል፤ ድምፅ ከሌለ ማን ማንን እንደመታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ የያንግን እግር ይመልከቱ። አሊ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘረውን ቀጥተኛ ቡጢ) ሊሰነዝር ክብደቱን ወደፊት ሲያመጣ ያንግ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይላል። ጃቡ ጥቂት ጣት ሲቀረው አየር ላይ ይቀራል፤ አሊ ክንዱን ሳይሰበስብ የያንግ ቀኝ በላዩ አልፎ ይገባል።

ገመዱን በተመለከተ፦ አሊ እየገፋ ሲመጣበት ያንግ ጭንቅላቱንና ትከሻውን በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ያወጣል። ከገመድ ውጭ ያለን ሰው መምታት ስለማይፈቀድ ዳኛው ገብቶ ይለያቸዋል። በፍርሃት የመጣ ነገር አይደለም፤ ተጋጣሚው ሊያጠቃ ሲል ሰዓት ማቆም ነው። ችግሩ መደጋገሙ ነው። አንድ ጊዜማ ዳኛው ቁጥር ጀመረበት። ከሻምፒዮን ላይ ቀበቶ ልወስድ ያለ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ነጥብ ሰጪዎች ደስ አይላቸውም፤ በወረቀታቸውም ያስከፍሉታል። ውጤቱ 72-65፣ 71-64 እና 70-68 ለአሊ ሆነ። ያን ምሽት ዙር የሚያሸንፍ 5 ነጥብ ነበር የሚያገኘው። ስለዚህ 70-68 ማለት በ5-4 ያለቀ አንድ ዙር ወደ ያንግ ቢዞር 69-69 ነው። የሌሎቹ የሁለቱ ዳኞች ወረቀት ለእኔ እስካሁን እንቆቅልሽ ነው።

በ1977 ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ ከፎርማን ጋር ያደረገውን ሲያዩ 7ኛውን ዙር እንዳያልፉት። የፎርማን ግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ የሚመጣ ቡጢ) አግኝቶት ያንግ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ምን እንደሚያደርግ ልብ ይበሉ፦ ወደኋላ አይሸሽም። ወደኋላ የሚሸሽ ሰው ፎርማን ክንዱን ዘርግቶ እንዲመታው ቦታ ይሰጠዋል። ያንግ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ የፎርማንን ክንዶች ከክርኑ በላይ አቅፎ ይይዛል። ዙሩን ተረፈ፤ ፎርማን ደከመ፤ በ12ኛው ዙር ፎርማን ራሱ ወደቀ፤ ያንግ በነጥብ አሸነፈ። ፎርማን ከዚያ በኋላ ጓንቱን ሰቅሎ ሰባኪ ሆነ፤ ለ10 ዓመት አልተመለሰም።

የያንግ ዕድል የተዘጋው በዚያው ዓመት ኅዳር 5 ቀን ላስ ቬጋስ ላይ ከኬን ኖርተን ጋር ነው። 15 ዙር ተጋጥመው በተከፋፈለ ድምፅ ኖርተን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ አሊን አሸንፎ ቀበቶውን የያዘው ሊዮን ስፒንክስ ከኖርተን ጋር መጋጠሙን ትቶ ከአሊ ጋር ድጋሚ ሲመርጥ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ቀበቶውን ነጥቆ ለኖርተን ሰጠው፤ መነሻው ያው የያንግ ግጥሚያ ነበር። እንግዲህ አንዱ ዳኛ አንድ ሁለት ዙር ለየት አድርጎ ቢያይ ኖሮ፣ ሻምፒዮን ተብሎ በ1978 ኖርተንን ባሸነፈው በላሪ ሆምስ ፊት የሚቆመው ያንግ ነበር።

ጄሪ ኳሪ ሌላ ዓይነት ነው። 53 አሸንፎ፣ 9 ተሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቷል። ከ9ኙ ሽንፈት 5ቱ በአሊ፣ በፍሬዘርና በኖርተን የደረሱበት ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ1973፣ ሮን ላይልን በነጥብ፣ ኧርኒ ሼቨርስን በ1ኛው ዙር አሸንፏል። የኳሪ ጥሩ ችሎታ መጠበቅ ነበር፦ ተጋጣሚው እስኪሰነዝር ታግሶ፣ ቡጢው ሲያልፍ በግራ ሁክ መመለስ። ተመልካቹ ግን ተፋላሚ እንዲሆን ፈለገ፤ እሱም እሺ አለ። በ1969 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ከፍሬዘር ጋር ያደረገውን 1ኛ ዙር ያዩት እንደሆነ የምለው ይገባዎታል። ከፍሬዘር ጋር ደረት ለደረት ገጥሞ ያንን ዙር ያሸንፋል፤ በዚያው ዙር ግን ግጥሚያውን ይሸነፋል፤ ምክንያቱም በቅርብ ርቀት ቡጢ መለዋወጥ የፍሬዘር ቤት ነው።

ከዚያ በላይ ግን የጎዳው ቆዳው ነው። የቅንድብ አጥንት ጠርዙ ስለታም ነው፤ ቡጢ ቆዳውን በአጥንቱ ላይ ሲጨፈልቀው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ የተሰፋ ቦታ ጠባሳው እንደ ድሮው ስለማይለጠጥ በቀላሉ ይከፈታል። ከዓይን በታች ያለ ቁስል ደሙ ወደ ጉንጭ ስለሚወርድ አያስቸግርም፤ ከዓይን በላይ ያለው ግን ዓይን ውስጥ ይገባና ያሳውራል። በዙሮች መካከል ቁስሉን የሚያክመው ጥግ ላይ ያለው ረዳት ያለችው 60 ሰከንድ ብቻ ናት፤ ከዚያም ውስጥ ቡጢኛው ተራምዶ መጥቶ የሚቀመጥበትና መጨረሻ ላይ የሚነሳበት ይቀነሳል። በንጹሕ ፎጣ ተጭኖ ያደርቃል፤ አንድ ለሺህ የተበረዘ አድሬናሊን (ደም የሚያቆም መድኃኒት) የነከረበትን ጥጥ ቁስሉ ውስጥ አስገብቶ ሳያነሳ ይጫናል፤ በመጨረሻ በቫዝሊን ይሸፍነዋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ደሙ ቆመ አልቆመ ብሎ ጥጡን በየ5 ሰከንዱ ካነሳ የረጋውን ይዞ ይነሳል። ቫዝሊኑን ካበዛው ደግሞ ከላብ ጋር ቀልጦ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ግን ማንም ባለሙያ አያድነውም። ጥቅምት 26 ቀን 1970 አትላንታ ላይ፣ አሊ ከሦስት ዓመት በላይ ታግዶ በተመለሰበት ቀን፣ የኳሪ ቅንድብ እንዲያ ነበር የተከፈተው፤ 3ኛው ዙር ሲያልቅ ግጥሚያው ቆመ።

የሚያናድደኝ ሽንፈቱ ግን የጆርጅ ቹቫሎው ነው፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1969። ኳሪ እየመራ ነበር፤ የቹቫሎ ፊት አብጧል። 7ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ቹቫሎ አንድ አገባና ኳሪ ወደቀ። ክፉኛ አልተጎዳም፤ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ለማንኛውም ቡጢኛ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፦ አትቸኩል፣ 8 ሲባል ተነሳ። ምክሩ የሚሠራው ግን ዓይን ከዳኛው ጣት ላይ ካልተነሳ ብቻ ነው፤ በጆሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው በሕዝብ ጩኸት መካከል ይስታል። ኳሪ ሳተው፤ 10 ተባለ፤ ከዚያ ተፈናጥሮ ተነሳ። ንዴቱን ማየት ይችላሉ።

ኳሪ በ1999 በ53 ዓመቱ አረፈ፤ በቡጢ ብዛት አእምሮው ተጎድቶ፣ በመጨረሻ በሰው እጅ እየተረዳ። ይህን ስለእርሱ ሳናነሳ ማለፍ ደግሞ ነውር ይመስለኛል።

ሮን ላይል ላይ አላበዛም። ቦክስ የተማረው ኮሎራዶ እስር ቤት ውስጥ ነው፤ በሙያው ሲጀምር 30 ዓመቱ ነበር። ሌላው ሰው በ20ዎቹ ውስጥ በትናንሽ ግጥሚያዎች የሚማረውን እሱ በትልልቆቹ ላይ ነው የተማረው። በግንቦት 1975 ከአሊ ጋር ሲጋጠም አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ «ና ምታኝ» ሲለው ላይል አልሄደለትም፤ መድረኩ መሃል ቆሞ ጠበቀው። ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ በዚሁ ዘዴ ደክሞ በአሊ ሲሸነፍ ያላወቀውን ላይል አውቆታል። እስከ 11ኛው ዙር በነጥብ ይመራ ነበር፤ ከዚያ አንድ የአሊ ቀኝ አገኘውና ዳኛው አስቆመ። ጥር 24 ቀን 1976 ከፎርማን ጋር ያደረጉት ግን ለብቻው ይታይ። 4ኛው ዙር ውስጥ ፎርማን ይወድቃል፣ ላይል ይወድቃል፣ ፎርማን እንደገና ይወድቃል። በ5ኛው ላይል በፊቱ ተደፍቶ ቀረ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ አገጭ አይመልሱም፤ እንዲያ ሲሆን የሚያሸንፈው ጉልበቱ የበረታው ነው፣ ፎርማን ደግሞ ይበረታል።

ሼቨርስን ያውቁታል፤ ካሸነፋቸው 74 ግጥሚያዎች 68ቱ በዝረራ ናቸው። የእሱ ችግር ሒሳብ ነው። እያንዳንዱን ቀኝ ሙሉ ክብደቱን ጭኖበት ስለሚሰነዝር ከ6ኛ፣ 7ኛ ዙር በኋላ ጉልበት አይተርፈውም፤ የሳተ ቡጢ ደግሞ ካረፈው ይበልጥ ያደክማል። መስከረም 29 ቀን 1977 ከአሊ ጋር ባደረገው 2ኛ ዙር ላይ ቪዲዮውን ቀስ ብለው ያስኪዱት። ቀኙ አረፈ፤ የአሊ እግር ተልፈሰፈሰ። አሊ ወዲያው በእውነት እንዳልተጎዳ፣ ለቀልድ እንደሚንገዳገድ አስመሰለ። ሼቨርስ ወጥመድ ነው ብሎ ተጠራጠረ፤ ገብቶ አልጨረሰም። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ የዳኞቹን ነጥብ በየዙሩ ያሳይ ስለነበር፣ የአሊ ረዳቶች ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው አስቀምጠው፣ መምራታቸውን እየሰሙ ያውቁ ነበር። በ1979 ደግሞ ሆምስን በ7ኛው ዙር ጣለው። ሆምስ እንዴት እንደተነሳ አሁንም አይገባኝም፤ ተነሥቶ ግን በ11ኛው አስቆመው።

ከቀላል ከባድ ሚዛን ያኪ ሎፔዝን ብቻ ይዩ። ለዓለም ቀበቶ 5 ጊዜ ተጋጥሞ 5ቱንም ተሸነፈ። በሐምሌ 1980 ከማቲው ሳድ ሙሐመድ ጋር ያደረገው 8ኛ ዙር ላይ ገመድ አስደግፎት፣ መልስ ሳይሰጠው 20 ያህል ቡጢ ያወርድበታል። ሳድ ሙሐመድ አልወደቀም፤ በ14ኛው ዳኛው ግጥሚያውን አስቁሞ ሎፔዝ ራሱ ተሸነፈ። ቡጢዎቹን ይመልከቷቸው፦ አብዛኞቹ ወደ ጭንቅላት ናቸው። ከመካከላቸው አራት አምስቱ ሆድ ላይ ቢያርፉ የሳድ ሙሐመድ እጆች ይወርዱ ነበር ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ከእንግሊዝ ነው፤ የሼፊልዱ ሄሮል ግራም፣ መካከለኛ ሚዛን፣ ግራኝ። ከአሰልጣኙ ከብሬንዳን ኢንግል ጋር በየመዝናኛ ክበቡ እየዞረ፣ እጁን ወደኋላ አስሮ «የቻለ ይምታኝ» ይል የነበረ ሰው ነው። በ1989 ከማይክ ማክካለም ጋር በተከፋፈለ ድምፅ ተሸነፈ፤ በዚያ ላይ አንድ ነጥብ ተቀንሶበት ነበር። ኅዳር 24 ቀን 1990 ስፔን ውስጥ ከጁሊያን ጃክሰን ጋር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ወሰደ። የጃክሰን ዓይን ተደፍኗል፤ አንድ ዙር ብቻ ነው የተፈቀደለት። ግራም ርቆ እየዞረ ያቺን 3 ደቂቃ ቢያሳልፋት ሻምፒዮን ነው። 4ኛው ዙር ላይ እግሩን ይመልከቱ። ግራኝ ቡጢኛ የፊት እግሩን ከተጋጣሚው የፊት እግር በውጭ በኩል ማሳረፍ አለበት፤ በውስጥ በኩል ካሳረፈው የተጋጣሚው የቀኝ እጅ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ነው። ግራም ጃክሰንን ገመድ አስይዞ ሊጨርሰው ፊት ለፊት ገባ። ቀኙ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ግራም መሬት ሳይነካ ራሱን ስቶ ነበር።

አሁን የሚያስቸግርዎ ሥራ አለኝ። የያንግንና የኖርተንን 15 ዙር ራስዎ ዳኛ ሆነው ያዩልኝ። ወረቀት ላይ 15 መስመር ያሥምሩ፤ ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ 9፣ ወድቆ ለተነሣ 8። ደወሉ እንደተደወለ ይጻፉ፤ ቀጣዩን ዙር አይተው ያለፈውን አይሠርዙ። ኖርተን ወደፊት ስለሄደ ብቻ ነጥብ አይስጡት፤ ያረፈውን ብቻ ይቁጠሩ። በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ በ5 በ5 ዙር ይክፈሉት፣ ዓይንዎ እንዳይደክም። የእኔን ነጥብ አሁን አልነግርዎትም፤ የእርስዎን ወረቀት ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ እልክልዎታለሁ።

እናቴን ሳሙልኝ። መድኃኒትዎን ከምግብ በኋላ መውሰድ እንዳይረሱ።

አክባሪ ልጅዎ