ሻንሲ ቁጥሩን ስታዩ ኤርባጉንም እዩልን

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት አግኝቶ በነፃ ሊጠግን የሚያወጣው ጥሪ) የተጠራባቸውን አሮጌ መኪኖች ይመለከታል

ባለቤቴ መኪናችን ውስጥ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ጋቢናው ባዶ ነው። ጎረቤት "ተጣልተው ነው እንዴ?" ማለት ከጀመረ ሰነበተ። አልተጣላንም። የፈራነው ኤርባጉን፣ በግጭት ጊዜ ከፊታችን የሚነፋውን ከረጢት ነው።

መኪናዬ የ2008 ሞዴል የጃፓን ሥሪት ናት፤ በዱባይ በኩል አሮጌ ሆና የገባች። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅም እሷኑ መሳይ ነበረችው። "ኤርባግህ አደገኛ ነው፣ አምጣና ይቀየርልህ" የሚል ደብዳቤ ቤቱ ድረስ መጣለት። ሳንቲም ሳይከፍል ቀየሩለት። ስልክ ላይ "ያንተስ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ።

የማወራው ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስለሠራው ኤርባግ ነው። ውስጡ ያለው፣ ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል (አሞኒየም ናይትሬት) ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ከዚያ በግጭት ጊዜ ከልክ በላይ ይፈነዳና የያዘውን የብረት ዕቃ በጣጥሶ ስብርባሪውን ፊትና አንገት ላይ ይረጨዋል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ታካታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ክፋቱ፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚያስጠነቅቅ መብራት አይበራም። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት እንዳትሉኝ። መኪና ነገ ተሸጦ ጋምቤላ ይገባል።

አንድ ወዳጄ ሻንሲ ቁጥሬን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ አየልኝ። ጥሪው አለ፣ አልተጠገነም። ሊብሬዬን ይዤ አንድ የመኪና ሻጭ ድርጅት ሄድኩ። ልጁ ገለጥ ገለጥ አድርጎ "እኛ ያስገባናት አይደለችም" አለኝ። በትህትና ነው፤ ቡናም ጋብዞኛል። መካኒኬ ደግሞ "ሶኬቱን ልንቀለው?" አለ። ያኔማ የኤርባጉ መብራት ይበራል ስለው "መብራቱንም እንነቅለዋለና!"

ቀጥሎ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ፍሬን ታየ፣ መብራት ታየ፣ ጭስ ታየ። መርማሪው ኮፈኑን አስከፍቶ፣ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ ሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ያ ሁሉ ጉድ የተመዘገበበት ቁጥር እጁ ላይ ነበር። አለፈች። ቦሎዋን ለጥፌ ወጣሁ፤ ባለቤቴ ከኋላ።

የምለምናችሁ በዚያች ደቂቃ እንድትጠቀሙ ነው። ቁጥሩን ከሊብሬ ጋር የሚያመሳክረው ሰው ከሪኮል ዝርዝር ጋርም ያመሳክረው። ዝርዝሩን ከአምራቾቹ ጠይቁልን፤ ለእኔ ለአንድ ሰው ጆሮ የማይሰጡት ለመንግሥት ይሰጣሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ አደገኛ የተባለውን የታካታ ኤርባግ ያላስቀየረ መኪና ምርመራ እንዳያልፍ አድርጋለች።

ግን አደራ፣ ይህንን ብቻ ገልብጣችሁ እንዳታመጡብን። መቀየሪያው ሳይኖር ቦሎ መከልከል ሌላው ያጠፋውን እኔን መቅጣት ነው። መጀመሪያ፣ እዚህ አገር የአምራቹን ስም ይዞ የሚነግድ ወኪል መኪናዋን ማንም ያስገባት ማን ሪኮሉን በነፃ ይጠግን፣ ሒሳቡን ከአምራቹ ይጠይቅ። "እኛ ያስገባናት አይደለችም" የሚለው መልስ መቅረት አለበት።

አሮጌው አልፎበታል፣ አሁን ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው ትሉ ይሆናል። ኤሌክትሪኩም ይጠራል። ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2022 ገበያ ላይ ባወጣ በሳምንታት ውስጥ ጎማው ሊፈታ ይችላል ብሎ መልሶ ጠርቷታል። ዛሬ ከቻይና በየግለሰቡ የሚገቡት ነገ ቢጠሩ ባለቤቱ ወዴት ይሄዳል? ያው እኔ ወደሄድኩበት፣ ቡና ወደሚጋበዝበት።

መልሳችሁን እንጠብቃለን። እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ።

የአንዲት አሮጌ መኪና ባለቤት
አዲስ አበባ