«ብዙ ሙያ የማይጠይቅ» ብላችሁ ስለጻፋችሁት ሥራ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ወታደሮች በባሕር ዳር ስለጀመሩት የቡና ንግድ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ፤ እኔና ሌሎች ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ቡና ወደ መሸጥ እንደገባን የሚተርክ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከሐይቁ ዳር ከሾላው ሥር ጀበና ይዞ የሚታየው ሰው እኔ ነኝ። ስሜ በትክክል ተጽፏል፣ ዕድሜዬም አልተሳሳተም፣ ሥራ አጥቼ እንደነበር የተጻፈውም እውነት ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የተለየ ሙያ የሌላቸው እነዚህ የቀድሞ ወታደሮች ብዙ ሙያ ወደማይጠይቀው የቡና ሥራ ፊታቸውን አዙረዋል» የሚለው። ዘጋቢያችሁ ይህን ቃል ከእኔ አልሰማም። በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ አቦሉንና ቶናውን ጠጣ፤ በረካው ሳይደርስ ተነሥቶ ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «በሠራዊቱ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?» ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም።

ስላልጠየቀኝ አሁን እመልሳለሁ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲጀመር የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያው ክረምት ተመዝግቤ ሠለጠንኩ፤ ከዚያም በዛላምበሳ ግንባር በስንቅና ትጥቅ ክፍል ተመደብኩ። የስንቅ ሠራተኛ ማለት ዱቄት የሚሸከም ሰው ማለት ብቻ አይደለም። ጆንያ በባዶ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ እንጨት ይረበረብለታል፣ ከግድግዳም ይርቃል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ነዳጅና ሳሙና ከእህል ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ዝናብ የነካው አንድ ጆንያ አጠገቡ ያሉትን ይዞ ይሻግታል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ጥቂት ጆንያ ጎደለ ማለት ምሽግ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይበሉ አደሩ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በላምባ ብርሃን እየቆጠርኩና እየመዘገብኩ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ቆጠራዬ ሲጓደል የሚጠይቀኝ የተራበ ጓደኛዬ እንጂ ኦዲተር አልነበረም።

ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሠራዊቱ ሲቀነስ እኔም በ1994 ዓ.ም. ተሰናብቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። በዓመቱ አንድ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ፤ የቀጠረኝም አዝኖልኝ ሳይሆን ገቢና ወጪውን መዝግቤ ቢን ካርዱን (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዱን) ከመደርደሪያው ጋር ማመሳከር ስለምችል ነው። በዚያ 17 ዓመት ሠራሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ቱሪስት ተቋረጠ፣ ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች ታሰሩ፤ ሆቴሉም «ለጊዜው ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ» ብሎ አሰናበተንና መልሶ አልጠራንም። ለ17 ዓመት አገልግሎቴ የተከፈለኝ የሦስት ወር ደመወዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያጋጠመኝን የምጽፈው ዓረፍተ ነገራችሁ ለምን እንዳመመኝ እንድትረዱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ ማስረጃዎቼን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። የመዝገብ ሠራተኛዋ የሠራዊቱን የአገልግሎት ማስረጃ ከሌሎቹ ወረቀቶች ለየችና በሁለት ጣቷ ወደ እኔ እየገፋች «ይኼ የሥራ ልምድ ሆኖ አይያዝልዎትም፤ ወታደርነት ሙያ አይደለም» አለችኝ። ወረቀቱ በመስተዋቱ ጠረጴዛ ላይ ተንሸራትቶ እጄ ጋ ሲደርስ እስከ ዛሬ ይታየኛል። እርሷ ይህን የተናገረችው ለእኔ ብቻ ነው፤ እናንተ ግን ያንኑ ቃል አትማችሁ ለአገር ሁሉ አስነበባችሁት፤ ልጆቼም አነበቡት።

ከእኔ ጋር በዘገባው የተጠቀሱት ሁለቱ ሰዎችም ሙያ የሌላቸው አይደሉም። አንደኛው በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው የገቡ፣ በጊዜው የታንክ መካኒክ የነበሩ አባት ናቸው። ዛሬም የጀልባ ሞተር አልነሣ ሲል ነጂዎቹ ሮጠው የሚጠሩት እርሳቸውን ነው፤ ቡናውን ለልጃቸው ትተው ይሄዳሉ፣ ሞተሩን አስነሥተውም ይመለሳሉ። ሌላኛው በግንባር የቁስለኛ ረዳት ነበር። ሦስታችንንም በአንድ ቃል ጠቅልላችሁ «ሙያ የሌላቸው» አላችሁን።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ እኛን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ዝቅ አድርጎታል። እኔ የምሸጠው የዘጌን ቡና ነው፤ ዘገባችሁ ግን ከየት እንደሚመጣ እንኳ አልጻፈም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄደን የምንደርስበት የዘጌ ምድር፣ እንደ አገሬው ትውፊት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት በሬ አይጠመድበትም፣ አይታረስምም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ቡናው የሚያድገው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ስለሆነ፣ በገዳማቱ ዙሪያ ያ ጫካ እስከ ዛሬ ሊቆም የቻለው በቡናው ምክንያት ጭምር ነው።

እዚያ የሚለቀመው ቡና ከነገለባው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መሬት ላይ የተሰጣው ሲጠጣ አፈር አፈር ይላል፤ ሳይደርቅ የተከመረው ደግሞ ይሻግታል፣ ሽታውም ከተቆላ በኋላ እንኳ አይለቅም። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው ያለውን ቡና፣ ዓይቼ፣ መልኩ ስላማረኝ፣ አንድ ፈረሱላ ልገዛ ስል የባለ ቡናው እናት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ዓይንህ ያታልልሃል፤ ጆሮህን አምጣ» አሉኝና ከሁለት ክምር አንዳንድ እፍኝ አንሥተው ጆሮዬ ሥር ነቀነቁት። የደረቀው ፍሬ ገለባው ውስጥ እየተንኳኳ ይሰማል፤ ያልደረቀው ዝም ይላል። እኔ ልገዛ የነበረው ዝም የሚለውን ነበር። እኒያ እናት ከልጃቸው ገበያ ይልቅ እውነቱን አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ፣ ባለቤቴ ከዕቁብ ያወጣችው ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት ሻግቶ ይቀር ነበር።

ቤት ከገባ በኋላ የሠራዊቱ ትምህርት ጠቀመኝ፤ ጥሬ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ስለሚስብ እንደ ስንቁ ከእንጨት ላይ፣ ከሳሙናና ከጋዝ ርቆ ይቀመጣል። ስሌቱን ግን ተሳስቼ ከስሬአለሁ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ከክብደቱ ያጣል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ዋጋ ያወጣሁት በጥሬው ክብደት ስለነበረ በሸጥኩት ኪሎ ሁሉ ከኪሴ ስጨምር ከረምኩ።

መቁላቱን ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ሁለት ወር ሙሉም የቆላሁትን እየቀመሰች መልሳብኛለች። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገብስማ ሲዞር እሳቱ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መፈንዳት ሲጀምር እጅ አያርፍም። ከእሳት ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ስለሚቀጥል፣ የተፈለገው መልክ ላይ ሳይደርስ ጥቂት ቀደም ብሎ መውረድ አለበት። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ አይፈላበትም። ገንፍሎ የወረደው ጀበና ሳይሰክን ከተቀዳ ደግሞ እንግዳው አተላ ይጠጣል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከእናቷ ነው፤ በዘገባችሁ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተጠቀሰችም፣ ዘጋቢው የጠጣውን ቡና ራሷ ቆልታው ሳለ።

አንድ ነገር በእርጋታ እንድታስቡበት እለምናለሁ። በቋንቋችን «ሙያ ያላት ሴት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ወጡን አጣፍጣ፣ ጠላውን አስተካክላ፣ ቡናውን ቆልታ የምታቀርብ ማለት ነው። ወላጆቻችን «ባለሙያ» ብለው ያከበሩት ይህንኑ ሥራ ነው። እናንተ በአማርኛ የምትጽፉ ሆናችሁ ቡና ሙያ አይጠይቅም ስትሉ፣ ቃሉን ከባለቤቶቹ ነጥቃችሁ ዲግሪ ላለው ሰው ብቻ ሰጣችሁት። በዚህች ከተማ በየመንገዱ ዳር ከሰል አቀጣጥለው በጀበና ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች አሉ፤ አንዷ ዘንድ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሥራውን ነገር ያየ ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር አይጽፍም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት መሆኑ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታረም። ከእርምቱ ጋርም የእኔና የሁለቱ ጓደኞቼ የሠራዊት ሥራ ምን እንደነበረ፣ ቡናውን የምትቆላውም ባለቤቴ መሆኗ ይጻፍ። ዘጋቢያችሁ ማጣራት ከፈለገ ዘወትር ከሰዓት በኋላ ከሾላው ሥር ያገኘኛል፤ ቢመጣ በደስታ አስተናግደዋለሁ። የሠራዊቱን የአገልግሎት ማስረጃና የሆቴሉን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ቡና ሻጭ
ባሕር ዳር