ለእድራችን አባላት፦ ስለ ልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ክረምቱ እየተገባደደ ነው፤ ምዝገባም ደርሷል። ባለፈው እሁድ እኔና ገንዘብ ያዣችን ከአያታቸው ጋር የሚኖሩትን ሁለቱን ወንድማማቾች ጠይቀን ነበር። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ የአምናውን ዩኒፎርምም አውጥተው አሳዩን። የትልቁ ሱሪ እጥፋቱ ሁለት ጊዜ ተፈቷል፤ ከእንግዲህ የሚፈታ የለውም። ትንሹ ደግሞ ካለቁ ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥሎ፣ በክር ሰፍቶ አስቀምጧል። "ለሒሳብ ነው" አለን።

ስለዚህ በዚህ ወር ከተለመደው መዋጮ ላይ የቻላችሁትን ጨምሩ። ደብተሩን በደርዘን ከመርካቶ ስለምንገዛ ገንዘቡ እስከ ነሐሴ 20 ይድረሰን፤ ጳጉሜን ላይ ዋጋው አይቀመስም። ገንዘብ ያጠረው ጉልበት ያምጣ። ልብስ ሰፊው አባላችን ዘንድሮም በነጻ ሊሰፉልን ቃል ገብተዋል፤ እጥፋቱን ሰፋ አድርገው እንዲተዉ ብቻ አደራ ብያለሁ።

"ሁለት ልጅ ረድተን ምን ሊሆን?" የምትሉ አትጠፉም። እዳዬ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በወሎ ረሃብ ጊዜ፣ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ይዘው የመጡት ሁለት ልጆች ነበር፤ በዓመቱ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ቢቃወሙ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። እኛን ቤት ልቀቁ ያለን የለም።

አንድ ነገር ላሳስብ፦ ስናስረክብ ፎቶ አይነሳም። አምና ትልቁ ልጅ ፊቱን በደብተሩ ሲሸፍን አይቻለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ