ኒው ኦርሊንስን ከቡርቦን ጎዳና ሦስት መንገድ ተሻግራችሁ እዩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ኒው ኦርሊንስ የጎብኚ አስተያየት ባወጣችሁ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር ይደጋገማል። ከሂውስተን ወይም ከአትላንታ መኪና አስነስቶ ቅዳሜና እሁድን አሳልፎ ከተመለሰው ሰው ግማሹ «ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ ነው፣ ደስ ይላል» ሲል፣ ግማሹ ደግሞ «የሰካራም መንደር ናት፣ ሽታው አያስቆምም» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጎዳና ነው፤ ስለ ቡርቦን። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1718 ነው፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረች ከተማ በሁለት ሌሊት፣ ያውም በአንድ ጎዳና ስትመዘን ያሳዝናል። የእኛ ሰው ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ያለውን የአፍሪካ አሻራ ሳያይ መመለሱ ከሁሉ በላይ ያስቆጫል።

ቡርቦን ላይ ቆማችሁ ጀርባችሁን ለሚሲሲፒ ወንዝ ስጡና በሴንት አን መንገድ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ዶፊንን፣ በርገንዲን፣ ከዚያ ሰፊውን ራምፓርትን ስትሻገሩ የሉዊ አርምስትሮንግ መናፈሻ በር ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል። ገብታችሁ ወደ ግራ ስትሉ ድንጋይ በክብ በክብ የተነጠፈበት አደባባይ አለ። ኮንጎ ስኩዌር ይባላል። በፈረንሳይ ዘመን በወጣው ሕግ በባርነት የተያዙ ሰዎች እሁድ እሁድ ሥራ አይሠሩም ነበር፤ በ1817 የከተማው አስተዳደር የሚሰበሰቡበት ቦታ አንድ ብቻ እንዲሆን ሲወስን የተሰጣቸው ይህ ሜዳ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ከ1740 ጀምሮ ከበሮ በሕግ ተከልክሎ ሳለ፣ እዚህ እሁድ በመጣ ቁጥር በአደባባይ ይመታ ነበር። ሴቶቹ ያመረቱትንና የጋገሩትን ይሸጣሉ፣ ከዚያች ሳንቲም ቆጥቦ ነፃነቱን የገዛም ነበር። ቡርቦን ላይ ከየበሩ የሚወጣው ሙዚቃ ሥሩ የተተከለው እዚህ ነው፤ መግቢያ ደግሞ አይከፈልበትም።

ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ስትሄዱ በትሬሜ ሰፈር የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግድግዳው ጎን ከመርከብ ሰንሰለት የተሠራ ትልቅ መስቀል ዘመም ብሎ ቆሟል፤ ከሰንሰለቱ የእግር ብረትና የእጅ ብረት ተንጠልጥሏል። ስሙ ላልታወቀው ባሪያ የቆመ መታሰቢያ ነው። ዝገቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወደ ወንዙ ስትመለሱም ቻርተርስና ኤስፕላናድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ጥቂት ቁሙ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ይህች ከተማ የአሜሪካ ትልቋ የሰው ገበያ ነበረች፤ ከ100,000 በላይ ሰው ተሽጦባታል። ዛሬ ፎቶ የሚነሱባቸው ሰገነቶች ሥር ነው የተሸጠው።

ሰገነቶቹን ካነሳን ዘንዳ፣ ቡርቦን ያለበት አሮጌው ሰፈር የሚጠራበት «የፈረንሳይ ሰፈር» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። የፈረንሳዮቹ የእንጨት ቤቶች በ1788 እና በ1794 በተነሳው እሳት አብዛኞቹ ወድመዋል። በመጀመሪያው ቃጠሎ ብቻ 856 ሕንፃ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የተሠራው በስፔን አገዛዝ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ነው፤ የጡብ ግድግዳው፣ ልስኑና የውስጥ ግቢው ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ የፊቱን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፤ የተከፈተ ሰፊ የግቢ መግቢያ በር ስታገኙ ወደ ግቢው አሻግራችሁ እዩ።

የመቃብሩ ነገርም እንዲሁ ነው። ጎብኚው ሁሉ «ሬሳ እንዳይንሳፈፍ ከመሬት በላይ ይቀብራሉ» ብሎ ይጨርሰዋል። የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ የፈረንሳይና የስፔን ልማድ ግን የዚያኑ ያህል አስተዋጽኦ አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ከጡብ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ መቃብር ይኖረዋል። ሬሳው በአንዱ ክፍል ገብቶ በሩ በጡብ ይታሸጋል፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን አይነካም። የበጋው ሙቀት በውስጡ እንደ ምድጃ ስለሚሆን የሚቀረው አጥንት ነው። ሌላ ሰው ሲሞት ሣጥኑ ይወጣል፣ አጥንቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከሥር ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል፣ ቦታው ለአዲሱ ይለቀቃል። በአንድ ጠባብ መቃብር ላይ የብዙ ትውልድ ስም የሚነበበው ለዚህ ነው።

በ1789 የተከፈተው የቅዱስ ሉዊስ ቁጥር አንድ መካነ መቃብር ከ2015 ጀምሮ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ካልሆነ አያስገባም። ያለ ምክንያት አይደለም። ስእለት ይደርሳል እየተባለ የታዋቂዋ የቩዱ እምነት መሪ የማሪ ላቮ ነው በሚባለው መቃብር ላይ ሦስት ኤክስ መቧጨር ፋሽን ሆኖ ነበር። ጡቡ ለስላሳ ነው፤ የሚጠብቀው እርጥበት የሚያስወጣው የኖራ ልስን ነው። ልስኑ ሲቧጨር ዝናብ ይገባል፤ በሲሚንቶ ወይም ላስቲክነት ባለው ቀለም ሲሸፈን ደግሞ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና ጡቡ ከውስጥ ይፈረፈራል። በ2013 መጨረሻ አንድ ሰው ይህንኑ መቃብር በሮዝ ቀለም ቀብቶት ቀለሙን ማስለቀቅ ብዙ ሥራ ጠይቋል።

አሁን ወደ ምግቡ። የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሠራው በአሳማ አጥንት ነው። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበረ ከእሁድ የተረፈው አጥንት ከቦሎቄው ጋር ተጥዶ ቀኑን ሙሉ ይንተከተክ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አለ። ቡዳን እና አንዱዊ የሚባሉት ቋሊማዎች አሳማ ናቸው፤ ሙፉሌታ የሚባለው ክብ ዳቦም በአሳማ ሥጋ የተሞላ ነው። ሽሪምፕ፣ ኦይስተርና ክሮውፊሽ የማይበላ ሰው ደግሞ የዓሣ ምግብ ሲያዝ አብሮ የሚጠበሰውን ነገር ይጠይቅ፤ ዘይቱ አንድ ነው። ለብዙዎቻችን የሚቀለው በበሬ ጥብስ የተሞላው ፖቦይ የሚባለው ረጅም ሳንድዊች ነው። አስተናጋጁን «አሳማ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «መረቁስ ከምን ተሠራ?» በሉት።

ጋምቦ የሚባለው ወጥ ስሙ ራሱ ባሚያ ከሚል የአፍሪካ ቃል የመጣ ነው። ያለ አሳማ በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ነገሩ ያለው በመነሻው ላይ ነው፤ የእኛ ወጥ በቁሌት እንደሚለይ የእነርሱም «ሩ» በሚሉት ይለያል። አንድ ኩባያ ዘይት በወፍራም ድስት አግላችሁ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ጨምሩ፤ ለስለስ ባለ እሳት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከነጭ ወደ ቀላ ያለ፣ ከዚያ ወደ ቸኮሌት መልክ ይሄዳል፣ ሽታው እንደ ተቆላ ለውዝ ይሆናል። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ አርሯል፤ ምሬቱ ድስቱን ሁሉ ስለሚይዘው ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። መልኩ ሲደርስ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሰለሪና አረንጓዴ ጣፋጭ ቃሪያ በአንድ ጊዜ ጨምሩበት፤ የአትክልቱ ውኃ መቆላቱን ያቆመዋል። ከዚያ ሁለት ሊትር ያህል ትኩስ መረቅ ጥቂት በጥቂት፣ ዶሮ፣ የበሬ ቋሊማና ባሚያ፣ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ መንተክተክ። ሩው በጠቆረ ቁጥር የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳልና ባሚያው ያን ይሞላል። በባሚያ ፈንታ ፊሌ የሚባለውን የቅጠል ዱቄት የምትጠቀሙ ከሆነ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ነስንሱት፤ አብሮ ከፈላ ይዝለገለጋል።

ቡናቸውን «የተበላሸ» ያላችሁም አላችሁ። ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥር ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል፤ ምሬቱ ከዚያ ነው። ከ1862 ጀምሮ ያለው ካፌ ዱ ሞንድ ግማሽ በግማሽ ከትኩስ ወተት ጋር፣ እንደ ቦምቦሊኖ ካለው ቤኜ ጋር ያቀርበዋል። ቤኜው በስኳር ዱቄት የተከመረ ነውና ስትነክሱ ትንፋሽ አትሳቡ፤ ያስላል።

ማርዲ ግራ የእነርሱ ቅበላ ነው፤ ይህን አንድ ቃል ብታትሙት ለአንባቢ ብዙ ይገልጥለታል። ጊዜው ከጃንዋሪ 6 ጀምሮ እስከ ጾማቸው ዋዜማ ነው። ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፦ በ2026 ማርዲ ግራ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 17 ሲውል የእኛ ዐቢይ ጾም በዋዜማው ሰኞ ይገባል፤ በ2027 ግን የእነርሱ ፌብሩዋሪ 9፣ የእኛ ጾም ማርች 8 ነው። ጾመኛ ዓመቱን መርጦ ይሂድ። ትልልቆቹ ሰልፎች በፈረንሳይ ሰፈር ውስጥ አያልፉም፤ ልጅ ያለው ሰው ሴንት ቻርልስ ጎዳና ላይ ይቁም። እዚያ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሕፃናቱን መቀመጫ በተገጠመለት መሰላል ላይ አስቀምጦ ያያል። ከሰልፍ መኪናው የሚወረወር ጨሌ መሬት ከወደቀ መጀመሪያ በእግር ይረገጣል እንጂ እጅ አይሰደድበትም፤ ሌላው ጣታችሁን ይረግጣል። የሚያልፈውን ተጎታች ለመንካት ልጅ አይለቀቅ፤ የሚጎትተው ትራክተር ነው፣ ነጂው ከጎን ያለውን አያይም። በሰልፉ መንገድ ላይ መኪና ያቆመ ሰው ሰልፉ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ያንሣ፤ አለዚያ ተጎትቶ ይወሰዳል።

ስለ ዝናብ ማንም አልጻፈም። ከተማዋ እንደ ሳህን ናት፦ ወንዙ ዳር ያለው ከፍ ይላል፣ በሰሜን ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ ያለው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በታች ነው። ረግረጉ ደርቆ የተገነባበት አፈር ውኃው በተቀዳ ቁጥር ይሰምጣል። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ከከተማዋ 80 በመቶ የሚሆነውን ያጥለቀለቀው የተናዱት የጎርፍ ግድግዳዎች ያስገቡት ውኃ ነው፤ የፈረንሳይ ሰፈር ከፍታ ላይ ስለሆነ በአብዛኛው ተርፏል። ዛሬም የዝናቡ ውኃ የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ ፓምፖቹ የታቀዱት ለመጀመሪያው ሰዓት 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ በየሰዓቱ ለግማሹ ያህል ነው። የበጋ ነጎድጓድ ከዚያ በላይ ሲያወርድ መንገድ በሃያ ደቂቃ ወንዝ ይሆናል። የሰፈሩ ሰው መኪናውን ኒውትራል ግራውንድ ወደሚሉት ከፍ ያለ የመንገድ አካፋይ ሲያወጣ ካያችሁ እናንተም አውጡ፤ ውኃ በገባበት መንገድ አትንዱ፣ የሞተሩ አየር መሳቢያ ውኃ ከጠጣ ሞተሩ አበቃለት።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህች ከተማ ስታወጡ ከሆቴሎቹ ዝርዝር ጎን የኮንጎ ስኩዌርንና የትሬሜን መንገድ የሚያሳይ ትንሽ ካርታ አብራችሁ እንድታትሙ እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከኒው ኦርሊንስ