የክበባት ዘገባ፦ ቲያትር ክበብ ከሪያ ሙኒ ጋር የከረመበት ዓመት

"ልጆቹ ፊደል በቅጡ ሳይለዩ ቲያትር ምን ያደርግላቸዋል" ሲባል እሰማለሁ። ሰኔ ላይ መጥታችሁ ስለ አየርላንዳዊቷ ተዋናይ ሪያ ሙኒ ያሳየነውን ቲያትር ያያችሁ ግን አማርኛው ከአፋቸው እንዴት እንደሚወጣ ራሳችሁ ምስክር ናችሁ።

ልምምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ነበር፣ እሱን አልዘረዝረውም። ለምን የአየርላንድ ሰው መረጥሽ ላላችሁኝ ደሞ፣ ልጆቹ እዚሁ ደብሊን ነው የሚያድጉት፣ ያደጉበትን ከተማ ሰው በእናታቸው ቋንቋ ቢጫወቱ ምን ክፋት አለው? ሪያ ሙኒ እ.ኤ.አ. በ1903 እዚሁ ተወለደች። በ1926 የዚሁ ከተማ አቢ ቲያትር የጸሐፌ ተውኔቱን የሾን ኦኬሲን "ማረሻውና ከዋክብቱ" ሲያሳይ ሮዚ የምትባለውን የመጠጥ ቤት ሴት ሆና ተጫወተች፣ ባልደረቦቿ ሳይቀሩ ተዪው ቢሏት እምቢ ብላ ነው፣ ተመልካቹ ረብሾ መድረክ ላይ የወጣም ነበር። ከዛ ኒው ዮርክ ሄዳ ከተዋናይዋና አዘጋጇ ኢቫ ለ ጋሊየን ጋር ሠራች፣ ተመልሳ እዚሁ ደብሊን ጌት ቲያትር ተጫወተች፣ በ1948 ደሞ የአቢ አዘጋጅ ሆነች፣ ቦታውን በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

መጋቢት ላይ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ሉዋስ ከሚባለው የከተማ ባቡር ወርደን ዝናብ እየመታን አቢ ቲያትር ፊት ለፊት ቆምን። የድሮው ቤት ሐምሌ 1951 ያንኑ የኦኬሲን ተውኔት ባሳዩበት ሌሊት ተቃጠለ፣ በማግስቱ ማታ አጠገቡ ያለው ትንሹ ፒኮክ ቲያትር ውስጥ ተጫወቱት፣ ከዛ 15 ዓመት ኩዊንስ የሚባል የሰው ቲያትር ቤት ውስጥ ሠሩ፣ ሪያ በ1963 ሥራዋን ለቀቀች፣ አዲሱ ቤት በ1966 ተከፈተ ብዬ ነገርኳቸው። ሁሌ ኋላ የምትቀመጠው፣ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ በጣቷ ዓመቱን ቆጠረችና "ቲቸር፣ እና አዘጋጅ ሆና ይሄን ቤት አላገኘችውም?" አለችኝ። በአማርኛ! ዓመቱን ሙሉ ከሷ የሰማሁት የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንባዬ መጣ። እዛው "ሪያን እኔ ልሁን" አለች።

ሁለት ልጆች በፈተና ምክንያት አቋረጡ። ለግንቦት የያዝነው አዳራሽም ለሌላ ተሰጥቶብን ወደ ሰኔ ተገፋን፣ መብራት አልነበረንም፣ መጋረጃችን አንሶላ ነበር። ለኳስ ክበቡ ማሊያ ተገዝቷል፣ ደስ ይለኛል፣ ግን የቲያትሩም የእናንተው ልጆች ናቸው፣ ለከርሞ የሁለት ሰዓት ተጨማሪ ኪራይና አንድ የመድረክ መብራት ነው የምለምነው።

ልጅቷ የእሳቱን ማግስት ስትጫወት ያባቷን ካፖርት እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላ ለብሳ ወጣችና "ዛሬ ማታ እንጫወታለን፣ ልብስ ያለው ያምጣ" አለች፣ ራሷ የጻፈችው ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ አባቷ ኋላ ቆሞ ነበር።

አሮጌ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ሻንጣ ያላችሁ አትጣሉ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ስታደርሱ ይዛችሁልኝ ኑ።