አማተር ተዋናይ ዕድል ያጣ ተዋናይ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሰፈር አማተር ቴአትር ነው የምጽፈው። መድረክ ላይ ያየን ሰው ሁሉ «ታዲያ ቲቪ ላይ መቼ ነው የምትወጪው?» ይላል፣ ብርና ዝና ካልመጣ ጊዜ ማባከን ነው ማለቱ ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ቀን ፋርማሲ እሰራለሁ ማታ ልምምድ እገባለሁ፣ ባለፈው የባልቴት ሚና ይዤ የእናቴን ነጠላ አጣፍቼ ስወጣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ የሰፈራችን እማማ «ውይ በሞትኩት፣ ይሄማ የኔው ጉድ ነው!» ብለው ጮኹ፣ ሳቄ አመለጠኝ ቃለ ተውኔቱም ጠፋኝ፣ ያንን የትኛው ካሜራ ይሰጠኛል?

ደሞ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ድራማ ሲያሳዩ ሰው የሰማቸው የሚያውቀው ልጅ ስለተጫወተው ይመስለኛል፣ ፖስተርማ ማን ያነባል።

ችግራችን አዳራሽ ነው፣ ለሰርግና ለስብሰባ ክፍት ሆኖ እኛ መወጣጫ ደረጃ ላይ ነው የምንለማመደው። ስለዚህ ወጣት ማዕከላት ቢያንስ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሻቸውን ለአማተር ቡድኖች በነጻ ይልቀቁ፣ እናንተም የብሔራዊና የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤቶችን ፕሮግራም ስታወጡ ከስር ለኛም ሁለት መስመር ጨምሩልን።

አንዲት አማተር ተዋናይ
ከአዲስ አበባ